«ቤቶች» ያልተባለበት ግንብ

፩

በር የለም። የበሩ ቦታ ብቻ አለ፦ የድንጋይ ቅስት፣ ከቅስቱ ሥር ጨለማ፣ ከጨለማው ውስጥ የርግብ ኩስ ሽታ። ትሁን የጫማዋን ጭቃ አራግፋ ገባች።

፫

(ሁለት ቁጥርን የዘለልኩት መቁጠር ጠፍቶኝ አይደለም። ታገሡኝ፣ እመለስበታለሁ።)

፬

የዋርካ አምባን ግንብ ማን አሠራው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የአገሩ ሰው እስኪመሽ ይከራከርላችኋል። አንዱ ንጉሡ ነው ይላል፤ አንዱ የንጉሡ እህት ናት፣ ንጉሡማ ከአደን መቼ ተመልሶ ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ያሠራውም የተከራከረበትም አፈር ሆኗል። ዛሬ እዚያ የሚኖረው አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነው። ስሙ አያ ቢያድግ ይባላል።

የትሁን አባት ነው። እሷም የመጣችው ግንብ ልትጎበኝ ሳይሆን እሱን ፍለጋ ነው።

፭
ያልተጣራችበት ምክንያት

በእናቷ ተዝካር ዕለት፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «ቀድመህ ብታሳክማት ኖሮ እናቴ አትሞትም ነበር» አለችው። አያ ቢያድግ ከተቀመጠበት ተነሣ። ጋቢውን አንሥቶ ወጣ፣ እንደወጣም ቀረ። ሰው የሸሸውን ግንብ ሊጠብቅ ተቀጠረ ሲባል ከሰው አፍ ሰማች። መጀመሪያ መጀመሪያ ስትደውልለት ያነሣ ነበር፤ «ደኅና ነኝ» ይልና ይዘጋል። ከክረምት ወዲህ ግን ስልኩ ጭራሽ አይጠራም።

ትሁን እህት ወንድም የላትም። ትዳርም አልያዘችም። በዚህ ዓለም ላይ «የኔ» የምትለው እሱን ብቻ ነው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ሲባል ስትሰማ የኖረች ሰው፣ የሰበረችውን አጥንት ልትጠግን ነው የመጣችው።

ታዲያ «አባዬ» ብላ ተጣርታ ዝም ቢላትስ? የስልኩ ዝምታ በኔትወርክ ይመካኛል። ይሄኛው በምን ይመካኛል? ስለዚህ ድምፅ ሳታሰማ፣ በዓይኗ ልትፈልገው ቆረጠች።

፮
ምድር ቤት

ባዶ።

፯
አዳራሽ

ጣሪያው የለም። ስንት ሰንጋ ተጥሎ ስንት ሰው ግብር እንደበላበት እግዜር ይወቀው፤ አሁን ያለችው ከግድግዳው ስንጥቅ የበቀለች አንዲት ሾላ ናት። ትሁን መሀሉ ላይ ቆማ የራሷን ትንፋሽ ሰማች። ብቸኝነት ምን እንደሆነ የማታውቅ አይደለችም፤ ቤቷ ስትገባ የሚቀበላት እሱ ነው። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ግን አይታው አታውቅም። አባቷ በዚህ ውስጥ ብቻውን ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ስታስብ ከፋት።

፰
ከአዳራሹ ጀርባ፣ ጠባብ ክፍል

የተጠረገ መሬት። አንድ ጣሳ። አንድ ማንኪያ።

ግድግዳው ላይ ጋቢ ተሰቅሏል፤ ጫፉን እሳት የበላው፣ እናቷ የጣፈችው ጋቢ። ትሁን ፊቷን ከተተችበት። ከምድጃው አመድ ላይ እጇን ብታሳርፍ ሞቃት ነው። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ።

፱

ሳል።

ከላይ፣ ከማማው፣ በእጅ የታፈነ ሳል።

ያንን ሳል ከሺህ ሰው ሳል መሀል ትለየዋለች። ቀና ብላ አየች፤ ደረጃው ተጠማዝዞ ጨለማ ውስጥ ይገባል። አለ ማለት ነው። ኮቴዋንም ሰምቷል። ሰምቶም አልወረደም።

እሱ ዝም።




እሷም ዝም።

ያመጣችለትን ሹራብ ከጋቢው ሥር አኖረችና ወጣች።

፲
ከግንቡ ግርጌ፣ ነጭ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ

(እትዬ ጠጂቱ አረም ላይ ናቸው። ንግግሩን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፤ የኔን ቃል ጣልቃ ባስገባ አበላሸዋለሁ።)

እትዬ ጠጂቱ፦ እንዴት ዋልሽ አንቺዬ? ከግንቡ ነው የምትወርጂ?

ትሁን፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። አዎ። የዘበኛው ልጅ ነኝ።

እትዬ ጠጂቱ፦ የአያ ቢያድግ ልጅ! እሰይ! አገኘሽው?

ትሁን፦ ማማው ላይ ተደብቋል። ሊያየኝ አልፈለገም።

እትዬ ጠጂቱ፦ ተጣርተሽ ነው የገባሽ?

ትሁን፦ ለፍርስራሽ ማን ይጣራል፣ እትዬ?

እትዬ ጠጂቱ፦ ኧረ በሞትኩት! ሰው ካለበት ዋሻም ቢሆን ቤት ነው፣ ልጄ። ክረምት ላይ ግንቡ ሥር ወርቅ ተቀብሯል ያሉ ቆፋሪዎች ሹልክ ብለው ገብተው ቀጠቀጡት። ስልኩንም ወሰዱበት። ከዚያ ወዲህ ሳይጣራ የገባ ኮቴ ከሰማ፣ ማማው ላይ ወጥቶ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚቀመጥ። እኔ እንኳ ቆሎ ሳደርስለት ከደጅ ቆሜ «ቤቶች!» እላለሁ፤ «ይግቡ!» ካላለኝ አልገባም። «ቤቶች» ብሎ የሚገባ ሌባ የለማ።

ትሁን፦ ስልኩን… ወስደውበት ነው?

እትዬ ጠጂቱ፦ ታዲያስ። አንቺ ምን መስሎሽ?

፲፩

ትሁን ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። ዳገቱን መልሳ ተያያዘችው።

አኩርፎ አልነበረም። ፈርቶ ነው። የገዛ ልጁን ኮቴ ሰምቶ፣ ሊደበድቡኝ መጡ ብሎ አፉን በእጁ አፍኖ።

ቅስቱ ፊት ስትደርስ ቆመች። አንዲት እርምጃ አላለፈችም። ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ነጠላዋን አስተካከለች። አሁንም ዝም ቢላት የሚመካኝበት ነገር አልቋል። ይህንንም ታውቃለች።

ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔ አልጽፍም። እናንተም ቤት ያላችሁ ሰዎች ናችሁ፤ ሰው ደጃችሁ ቆሞ ሲጣራ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የዘለልኩት ቁጥር ግን ቦታው እዚህ ነው።

፪

«ቤቶች!»

፲፪

«                    »