የደጉ ዋንዛ ልጥ

ሸጌ አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እናቷ «ይቺ ስትወለድ ምላሷ ነው ቀድሞ የወጣው» ትላለች። አራተኛ ክፍል ላይ ከወረታ ትምህርት ቤት ስትቀርም ናፈቀችኝ ያለ መምህር አልተሰማም። ያቺው ሸጌ በሃምሳ ስድስት ኅዳር ላይ አራት ቀን ሙሉ ዝም አለች። ያመማት መስሏቸው ፌጦ አጠጧት። ፌጦ ደግሞ ለኅሊና አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርብ ወንዝ ዳር ዘጠኝ ባለ ዛፎች አሉ፤ ዛፉ የየራሳቸው ነው። ቀድሞ ሁሉም እንዳሻው ሲቆርጥ ዳርቻው ተራቆተና ወንዙ እርሻቸውን እየገመሰ ወሰደው። ያኔ ማኅበር አቆሙ፤ ዳኛቸው ቄስ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። በዓመት የሁለት ሰው ተራ ብቻ ይደርሳል፤ ተራ ለደረሰው ሁሉም መጥረቢያውን ይዞ በወንፈል ይቆርጥለታል። ባለቤቱ ለዘር የሚያስቀረውን ዛፍ ወገቡን በልጥ ያስረዋል። የታሰረው ይቆማል፣ ያልታሰረው ይወድቃል። ልጥ የፈታ ሰው የቤቱ ተራ ይዘለላል። የወደቀውን ቅርንጫፍ ሸክላ ሠሪዋ አማከለች እንድትወስድ ፈቅደውላታል፤ ገንቦዋን የምትተኩሰው በሱ ነው።

ዘንድሮ ተራው መጀመሪያ የደጉ፣ ቀጥሎ የማሩ ነበር፤ ማሩ የሸጌ አባት ነው። ማሩ ተራውን የጠበቀው እንደ ፋሲካ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ቤቱን አዘንብሎት በሁለት ባላ ተደግፎ ቆሟል፤ ሊያድሰው ያሰበው በተራው በሚቆረጥለት እንጨት ነው።

ሰኞ ዕለት ሸጌ ከደጉ ዛፎች ሥር ጭራሮ ለቅማ ስታስር ጠፍሯ ተበጠሰ። ቀና ስትል የትልቁ ዋንዛ ልጥ ታያት። «ነገ እመልስልሃለሁ» ብላ ለዛፉ ነግራ ፈታችው። ማክሰኞ ወንዶቹ የደጉን ዛፎች ሊቆርጡ ማልደው ወጡ። ደጉ ወባ ጥሎት አልጋ ላይ ስለነበር በልጡ ብቻ ተማምነው ቆረጡ። ትልቁን ዋንዛ የጣለው ማሩ ነበር፣ የገዛ አባቷ።

ሸጌ ጠላ ይዛ ስትደርስ ዋንዛው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ከሌሎቹ ዛፎች አንዱም ልጥ የለውም።

«ደጉ ያለ ዘር ዛፍ አይቀርም፤ ልጡን ሰው ፈትቶታል» አለ ማሩ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ማን ይሆናል፣ አማከለች ናታ» አለ የሻው የሚባለው ጎረቤት። «ይፋግ ገበያ ገንቦዋን በምን አስራ የሄደች መሰለህ?»

ሸጌ አፏን ከፈተች። የተደገፈው ቤት ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ልጡ እቤት፣ ከጎታው ሥር ተጠቅልሎ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ሾላው ሥር ተቀመጠ። ደጉም ጋቢውን ተከናንቦ መጣ።

«አማከለች፣ ልጡን ፈትተሻል?» አሉ ቄሱ።

«አልፈታሁም አባቴ። ለገንቦዬ የራሴ ጠፍር አለኝ። ካላመናችሁኝ ቅርንጫፋችሁን ያዙት። ግን ጭቃዬን በምን ልተኩሰው፣ በሐሜታችሁ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይቺን ነገር የምትናገራት ሸጌ ነበረች። አሁን ግን የአማከለችን እጅ ነው ያየችው። ጭቃ የደረቀበት ጣቷ የነጠላዋን ጥለት ይፈትላል፣ ይፈታል። የሻው «እንግዲህ ቅርንጫፉ ይቅርባት» ሲል ማሩም ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ።

ሸጌ ተነሣች። ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ያመጣችውን ልጥ አውጥታ ቄሱ እግር ሥር አኖረችው።

«እኔ ነኝ የፈታሁት። ጠፍሬ ተበጥሶብኝ ነው። ልመልሰው ነበር።»

«መቼ?» አለ ደጉ።

«ነገ ብዬ ነበር። ነገ ቀደመኝ።»

ሸጌ ተናግራ ሰው ሳይስቅ ሲቀር ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው።

ቄሱ ልጡን አንሥተው ለደጉ ሰጡት። «ማሩ፣ ሕጉን ታውቀዋለህ» አሉ።

«አብሬ የማልሁበት ነው፣ አባ» አለና ማሩ መጥረቢያውን አንሥቶ ሄደ። ሸጌ ከኋላው ተከተለችው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ የዘመመውን ግድግዳ በመዳፉ ገፋ አድርጎ «ሦስተኛ ባላ ያስፈልገዋል» አለ። ቢገርፋት በወደደች።

ሰኔ ላይ የዋንዛው ጉቶ አቆጠቆጠ። ደጉ አንዱን ቡቃያ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መለመለና እንድታስረው ያንኑ ልጥ ለሸጌ ሰጣት፤ ማሩም አብሯት ነበር። ትልቁን ዛፍ አንዴ ብቻ ይዞር የነበረው ልጥ ቡቃያውን ዘጠኝ ጊዜ ዞረው። እየጠመጠመች ሳለ አማከለች ገንቦ አዝላ ከማሩ ፊት ደረሰች።

«እንደምን አደርክ፣ ማሩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደርሽ?»

«ደኅና» አለችና ወደ ሸጌ ዘወር ሳትል ወደ ይፋግ መንገዷን ቀጠለች። ሸጌ የልጡን ጫፍ እንደያዘች «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አለች፤ ግን ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት።