ሦስት ጠብታ

«ጥፋት ከሌለባት ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ያለችው ለምንድን ነው?»

ጥያቄውን ያነሳችው የልብስ ሰፊዋ አክስት ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ እንዳቀፈች። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ታላቅ እህቷ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ ጥያቄው ግን እንባዋን ቀጥ አደረገው።

«ንጹሕ ሰው ይከራከራል» አለች አክስት። «ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ሠርቻለሁ። ሳይጠይቁት ‹ጥፋተኛ ነኝ› ያለ ሰው አንድም ቀን አላጋጠመኝም። ዘይቱ ውስጥ የገባውን ነገር ታውቀው ነበር ማለት ነው። ነፍሷን ይማረው እንጂ።»

ለቅሶ የተቀመጡት በሟቿ ጸጉር ቤት ውስጥ ነው፤ ከጀርባ ያለችው መኖሪያ ክፍል ያን ሁሉ ሰው አትችልም። ማድረቂያዎቹ ወደ ጥግ ተገፍተዋል፤ የሚሽከረከሩት ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። መስታወቶቹ ሰፋፊ ስለሆኑ የመጣው ሁሉ ራሱን እያየ ነው የሚያለቅሰው። አንዳንዷ ለቅሶዋን አቁማ ሻሿን ታስተካክልና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ሟቿን ሰፈሩ በሙሉ «እታለም» ይላት ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጧትም ጭምር።

ረዳቷ ሻይ ይዛ ገባች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጠይቀዋት ካልሆነ ስለማትናገር «ጭምት» ብለው የሰየሟት ደንበኞቹ ናቸው። ብርጭቆዎቹን አዞረች፣ ባዶውን ሰበሰበች፣ ከዚያም ዘይቶቹ ወደሚቀመጡበት ጠባብ ጓዳ ገብታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ከጠዋት ጀምሮ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቆጥራለች። ሻይ የሚፈላው በሌላ በኩል ነው፤ ጓዳው ውስጥ ከጠርሙስ በቀር ምንም የለም። ታዲያ ምን ይመላልሳታል?

«እቺንም ልብ በያት» አለች አክስት፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ዝም ያለ ውሃ ነው የሚያሰምጠው።»

እታለም ጸጉር መሥራት የተማረችው በታናሽ እህቷ ራስ ላይ ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ልብስ ሰፊዋን ያሳደገቻት እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉልበቷ መሀል ታስቀምጣትና ጸጉሯን አራት ቦታ ትከፍለዋለች። መጀመሪያ ውሃ ትረጭበታለች። «ዘይት ውሃ አይሆንም» ትላት ነበር። «ዘይት ክዳን ነው። ባዶ ድስት ብትከድኚው ምን ይጠቅምሻል?» ከዚያ የሰሊጥ ዘይት በሙቅ ውሃ ውስጥ ለብ አድርጋ በጣቶቿ ጫፍ የራስ ቆዳዋን ታሻለች፤ ለጸጉሯ ጫፍ ደግሞ ወፍራሙን የጉሎ ዘይት በመዳፏ አሙቃ ትቀባለች። ትንሿ ልጅ እንቅልፍ ይወስዳታል። ስትነቃ ጸጉሯ ተጎንጉኖ አልቋል።

ጸጉር ቤቱን ከከፈተች በኋላም አሠራሯ አልተለወጠም። አንዲት ሴት «እገሊት የተቀባችውን ቅቢኝ» ብላ ብትመጣ ከጆሮዋ ሥር አንዲት ዘለላ መዛ በሁለት ጣቷ መሀል ታሻትና፣ «የእገሊት ጸጉር ገመድ ነው፣ ያንቺ ሐር ነው። የጉሎ ዘይት ብቀባሽ ዝናብ የመታሽ ዶሮ ትመስያለሽ» ትላለች። አዲስ ዘይት በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ሞክራ አንድ ቀን ሳታሳድር የማንንም ራስ አትነካም። ደንበኛ ታሰናብታለች እንጂ አትቸኩልም።

በሦስተኛው ቀን ጡረታ የወጣ አንድ ሹፌር መጣ፤ ራሱ እንደ እንቁላል የተመለጠ ሽማግሌ ነው። በየወሩ እዚህ ይመላለስ እንደነበር ለተቀመጡት አጫወታቸው። «እኔ ላይ የቀረው ቆዳ ብቻ ነው። እሱንም ሳትንቅ ትቀባልኝ ነበር። ‹ጋሼ፣ ቤቱ ቢፈርስም ግቢው ይጠረጋል› ትለኝ ነበር» አለ። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን መሀረቡን አወጣ።

ሳቁ ሲበርድ ከማድረቂያዎቹ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሹክሹክታ ጀመሩ። አንደኛዋ፣ ሰውዬው ዕድለኛ መሆኑን፣ የልጅ ራስ ያቃጠለ እጅ እሱን ሳይጎዳው መቅረቱን ተናገረች። ሌላዋ፣ ከዚያ ወዲህ እዚህ ደጅ አልረገጥኩም አለች። ልብስ ሰፊዋ ሰማች። አጠገቧ የተቀመጠችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇም ሰማች፤ ኮፍያዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። ከፊት ለፊት፣ ከግንባሯ በላይ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል ጸጉር አልበቀለላትም። ልብስ ሰፊዋ ስለ እህቷ አንድ ቃል ልትናገር ትችል ነበር። ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከስምንት ወር በፊት የልጅቷ ጸጉር መሳሳት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ልጇ ስታስነጥስ እንኳ ሐኪም ቤት የምትሮጥ እናት ናት፤ እንቅልፍ አጣች። እታለም የልጅቷን ራስ አይታ ጉንጉኑ ስለሚጠብቅ እንደሆነ ነገረቻት። የኮኮናት ዘይት በስኒ ቀዳች፤ ከዚያ ከአንዲት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ሦስት ጠብታ ጨመረችበት። ከናና የሚወጣ ብርቱ ዘይት ነው። ቤቱ በሙሉ ሸተተ። ለእህቷም ጠርሙሷን ሰጠቻት፤ «በአንድ ስኒ ሦስት ጠብታ፣ በሳምንት አንዴ። ከዚያ እንዳታልፊ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ግን መንገድ ላይ አሰበች። ሦስት ጠብታ ብቻ ለምን? በመኪና ለሚመጡት ሴቶች ንጹሑን እየቀባች፣ ለኔ ልጅ ሲሆን ታቀጥናለች? ነገሩ ቀኑን ሙሉ እንደ ብል በላት። እሑድ ከሰዓት ልጇን አስቀመጠችና ከጠርሙሱ በቀጥታ፣ ሳትበርዝ፣ ግንባሯ አካባቢ ደግማ ደጋግማ ቀባቻት። በላዩ ላይ በላስቲክ ሸፈነችው። ልጅቷ ለበለበኝ ስትል «መድኃኒት ሲሠራ ነው፣ ቻይው» አለቻት። ላስቲኩ ሲነሳ ቆዳው ውሃ ቋጥሯል። በማግስቱ ጸጉሩ በእፍኝ ተነቀለ።

ከተፈጥሮ የመጣ ነገር ሰው አያቃጥልም፤ ልብስ ሰፊዋ የምታምነው ይህን ነበር። ስለዚህ የሆነ ኬሚካል ተቀላቅሎበታል። ጠርሙሱን ይዛ ጸጉር ቤቱ ገባችና ደንበኛ በተሞላበት፣ «ልጄን በምንድን ነው ያቃጠልሽብኝ?» ብላ ጮኸች። እታለም ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። አየችው። ከዚያ እህቷን አየቻት። እናት ልጇን እንደምታይ፣ ብዙ ቆየች። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። ጠርሙሱንም ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህትማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ልጅቷ የእታለምን ደጅ እንዳትረግጥ ተከለከለች። ደንበኛው ሳሳ። እታለም ሆስፒታል ገባች ሲባል ልብስ ሰፊዋ ሁለት ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች፤ በሦስተኛው ስትደርስ እታለም መናገር አትችልም ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ ምሳ አካባቢ፣ ሰው ሳሳ ሲል ጭምት እንደገና ወደ ጓዳው ገባች። በዚህ ጊዜ ቦርሳዋን ይዛ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን አውልቃ ተከተለቻት። በሩን ስትገፋው ጭምት ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ነገር አውጥታ በጨርቅ እየጠቀለለች ነው።

«አምጪው» አለቻት።

ጭምት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ይዛ ጨርቁን ፈታችው። ቡናማዋ ጠርሙስ ነበረች።

«ለዚህ ነበር አምስት ቀን ሙሉ ስታደቢ የከረምሽው? ምን ጨምራችሁበት ነው እንዲህ የሚያስደብቃችሁ?»

«ምንም አልጨመርንበትም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ልትሰርቂው ፈለግሽ?»

«አልሰረቅኩም። አደራ ነው። ሆስፒታል እያለች ‹እህቴ መምጣቷ አይቀርም፤ ይህን ጠርሙስ ሳታየው ጣይልኝ› አለችኝ። እዚህ እንዳልደፋው ይሸታል፤ ክዳኑን ብከፍተው መንገድ ድረስ ነው የሚሰማው። ሰው እስኪቀንስ ስጠብቅ ነበር።»

«ባየው ምን እንዳልሆን?»

ጭምት ክንዷን ልታስለቅቅ ሞከረች። ልብስ ሰፊዋ አልለቀቀቻትም። በመጨረሻ ጭምት፣ ዓይኗን ከጠርሙሱ ሳትነቅል፣ «ያን ቀን ወደ ብርሃን ያነሳችው የቀረውን ልታይ ነው» አለች። «ለአንድ ዓመት የሚበቃ ዘይት ነበር፣ እትዬ። በሳምንቱ ታች ደርሷል። ያቃጠለው ንጹሕ ስለሆነ ነው። ንጹሑን ማንም ራስ ላይ አናደርገውም፤ በመኪና የሚመጡትም ቢሆኑ።»

ልብስ ሰፊዋ እጇ ላላ። ጠርሙሷን አነሳች፤ ከታች ጥፍር የማታህል ዘይት ዞረች። መደርደሪያውን ተደገፈች።

«ካወቀች ለምን አልተናገረችም?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። ‹ልጅቷ ግንባሯን በዳሰሰች ቁጥር እናቷን ማሰብ የለባትም። እኔን ታስብ፤ እኔ አክስት ነኝ፣ እችለዋለሁ› አለችኝ።»

ያን ቀንና የማግስቱን ልብስ ሰፊዋ ሰው አላናገረችም። ሀዘኑ ጠናባት አሉ። እሷ ግን ስታስብ የነበረው ሌላ ነው። ብትናገር እህቷ ስሟን አሳልፋ ሰጥታ የገዛችላትን የልጇን ፍቅር በገዛ እጇ ልትበትነው ነው። ባትናገር ደግሞ እህቷ «ልጅ ያቃጠለች» እንደተባለች አፈር ውስጥ ልትቀር ነው። ልጇን ደጋግማ አየቻት። ኮፍያዋን አየች። ነገ፣ አለች። ነገ ሲመጣም ነገ አለች።

በሰባተኛው ቀን ወንበሮቹ ሊነሱ ሲሉ አክስት ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰው ሳይበተን አንድ ነገር መወሰን አለበት፣ ጓዳ ውስጥ ያለው ዘይት በሙሉ መደፋት አለበት አለች። ያቺ ዝምተኛም ከሟቿ ጋር ስትቀምም የኖረች ናት፤ ነገ የራሷን ጸጉር ቤት ከፍታ የሌላ ሰው ልጅ እንዳታቃጥል ከወዲሁ ይታወቅ አለች። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭምት ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቆመች፤ ራሷን ለማዳን አንዲት ቃል ይበቃት ነበር። እሷም እንደ አሠሪዋ ዝም አለች።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። በሁሉም መስታወት ውስጥ ራሷ አብራት ተነሳች።

«ዘይቱ ምንም የለበትም» አለች። «በአንድ ስኒ ሦስት ጠብታ ብላኝ ነበር። አላመንኳትም። ለኔ ልጅ የምትቆጥብ መስሎኝ ከጠርሙሱ በቀጥታ የቀባሁት እኔ ነኝ። ልጄን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። እህቴ እያወቀች ለኔ ብላ ዝም አለች።»

ሹፌሩ ቆቡን አወለቀ። አክስት «ሀዘን ነው የሚያናግራት» ልትል ሞከረች፤ ማንም አልተቀበላትም። ልጅቷ ግን ከተቀመጠችበት ተነስታ እናቷ ፊት ቆመች።

«እታለም ጋ እንዳልሄድ ስትከለክይኝ ያቃጠልሽኝ አንቺ ነበርሽ?» አለች።

«እኔ ነበርኩ። ግን አላወቅኩም ነበር፣ ልጄ።»

«እሷ እኮ ትምህርት ቤት በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። እኔ በሌላ በር እወጣ ነበር።»

ልጅቷ ይህን ብላ የአክስትን እጅ ያዘች፤ ዛሬ እሷ ቤት ነው የማድረው አለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋችላት፤ ልጅቷ ግን አልያዘችውም። አክስት አንገቷን ደፍታ፣ ማንንም ሳታይ፣ ልጅቷን ይዛ ወጣች። ሴቶቹም ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ በአንድ ተከተሉ። ሹፌሩ ልብስ ሰፊዋን ትከሻዋን መታ መታ አደረገና የመጨረሻውን ወንበር ወደ ቦታው መልሶ ሄደ።

ጭምት ትሪውን አስቀመጠች። የምትሄድ መስሎ ነበር፤ ቦርሳዋ በር ላይ ነው። እሷ ግን አጭሯን በርጩማ አምጥታ ልብስ ሰፊዋ ፊት አስቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ ሻሿንም ፈታችው። እታለም ከታመመች ወዲህ ጸጉሯን የነካላት ሰው አልነበረም፤ ደርቆ ተያይዟል። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ከየት እንደምትይዝ ጠፋት። ከዚያ ከማጅራቷ አካባቢ አንዲት ዘለላ መዘዘችና፣ እንዳያማት ሥሩን በአንድ እጇ ይዛ፣ ጫፉን በሌላው ቀስ ብላ ትፈታው ጀመር።

ልጇ ሄዳለች። የቀረችው ጭምት ናት።