ቀርከሃውና ትሉ

ሎሬታ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ከቆርቆሮ ቱቦው ስባ አወጣችና የሽማግሌው ጭን ላይ አጋደመችው።

"ይህን ከማን ነው የገዙት፣ ጋሼ ኤመት?"

ኤመት መነጽሩን ሳይፈልግ አወቀው። የተወለወለውን ቀርከሃ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ወርዶ የቡሹ እጀታ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጀታው ላይ የአባቷ የኸርሼል ስም መነሻ ፊደላት በጋለ ሚስማር ተተኩሰዋል።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ። ልጅዎ ጎተራውን ሲያጸዳ ነው አሉ የሸጠለት።"

"ያ ልጅ እኔንም ሳይሸጠኝ አይቀር።"

ሎሬታ አልሳቀችም። ታላቅ ወንድሟ ዳርየል ዘንጉን ሰርቆ ለመጠጥ እንደሸጠው ከብዙ ዓመት በፊት አባቷ ተናግሮ ነበር፤ ሸለቆው ሁሉ አመነ፣ እሷም አመነች። ዳርየል ግን አደረግሁም አላደረግሁም ሳይል ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቢንግሃምተን ከተማ ሄደ። አምና አባታቸው ሲቀበር ከሰው ኋላ ቆሞ ሲያለቅስ እጇን እንኳ አልዘረጋችለትም። ከዚያ ወዲህ ያ ለቅሶ እንቅልፍ ነሳት። ዘንጉን ሱቅ ውስጥ ስታየው የገዛችው ለመፍረድ ይሁን ለመታረቅ ራሷም አታውቅም።

"ዳርየል ነው የሸጠልዎት አይደል?"

"አባትሽ ነው የሰጠኝ። በገዛ እጁ።"

"አባቴ ልጁን ይሰጣል እንጂ ዘንጉን አይሰጥም።"

"ሁለቱንም ሰጠ፣ ልጄ።"

በዚያ ሸለቆ ሰው ቢሰክር ይቅር ይባላል፣ ቢከስር ይረዱታል። በቢቨርኪል ወንዝ ዓሣን በትል ያጠመደ ግን ስሙ ጠፋ ማለት ነው። የሚፈቀደው ማጥመጃ ከላባና ከክር የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ ብቻ ናት። ኸርሼል ደግሞ የአጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር፤ ትል የያዘ ሰው ሰላም ቢለው አይመልስም።

"እኔን በትል ምክንያት ከማኅበሩ ያስባረረኝ እሱ ነው" አለ ኤመት። "ከዚያ በኋላ በአንድ ሚያዝያ፣ ማጥመድ በተፈቀደበት የመጀመሪያ ዕለት፣ ወንዙ ደፍርሶ አንድም ሰው ዓሣ አልያዘም። ከድልድዩ ሥር ብቅ ስል አባትሽ በዚህ ዘንግ፣ ጣቴን የምታክል ትል መንጠቆው ላይ ሰክቶ ቆሟል። ፊቱ አመድ መሰለ። 'የፈለግኸውን ውሰድና ዝም በል' አለኝ። በእልህ ዘንጉን አልኩት። ይሰጠኛል ብዬ መች አሰብኩ።"

"ከዚያ፣ ቤት ገብቶ ተሰረቅሁ አለ።"

"ዓይኑን በጨው አጥቦ። ዳርየል ላይ ማላከኩን ስሰማ ልመልስለት ዘንጉን ይዤ ሄጄ ነበር። በር ላይ የመለሰኝ ዳርየል ራሱ ነው። ለካ ድልድዩ ላይ ሆኖ አይቶናል። 'አባቴ ከዚህ ስም ሌላ ምን አለው? እኔ ወጣት ነኝ፣ ይረሳልኛል' አለኝ።"

"አልተረሳለትም።"

"አልተረሳለትም" አለ ኤመት። "እኔም አፌን ዘጋሁ። ልጁን አስበላሁት። አንድ ቀን እንኳ አላጠመድኩበትም፣ ይኸው።"

ሎሬታ ልትሰድበው ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን እሷ ራሷ ወንድሟን አንድ ጊዜ እንኳ 'እውነት ነው ወይ?' ብላ አልጠየቀችውም። ዘንጉን ይዛ ወጣች፤ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ለቀብሩ እንድትጠራው ተብሎ በተሰጣት የዳርየል ስልክ ቁጥር ደወለች።

"ሎሬታ?" አለ ዳርየል። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።" "ኤመት ጋ ነበርኩ። ነገረኝ።"

ሎሬታ ዘንጉን ጎኗ ካለው ወንበር ላይ አጋደመችው።

"ቅዳሜ የማኅበሩ እራት አለ፤ ስለ አባባ እንድናገር ጠርተውኛል። ትመጣለህ?"

"ምን ልትነግሪያቸው ነው?"

"ስለ ትሉ።"

"ተይው ሎሪ። ሰውየው ሞቷል።"

"አንተ ግን አልሞትክም። መጀመሪያ አንተን ላየህ እመጣለሁ፤ አሁን።"

ሞተሩን አስነሳችና ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀችው። የገዛ ወንድሟን ቤት አታውቀውም ነበር።