የጋሽ አምባው ዘጠኝ ዜሮዎች

ጋሽ አምባው ቤት ውስጥ የቆዳ ጫማ ማድረግ የጀመሩት በጥቅምት ነው። ከዚያ በፊት እንደማንኛውም ጡረተኛ ነጠላ ጫማ ነበር የሚያደርጉት። በጥቅምት ግን ቀኝ እግራቸው ነጠላ ጫማ መያዝ ተወ። እሳቸው ሽንት ቤት ሲደርሱ ነጠላ ጫማው ሳሎን መሀል ቀርቶ ይጠብቃቸዋል። ተመልሰው ያጠልቁታል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ፣ እንደገና ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት የሚሄዱበትን ጥቁር ጫማ አውጥተው ክሩን ግጥም አድርገው አሰሩ። ሰው ሲጠይቃቸው "ብርዱ ነው" ይላሉ። የገላን ኮንዶሚኒየምን አራተኛ ፎቅ ነፋስ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ለማመን አይቸገርም።

ባለቤታቸው ፍቅርተማርያም ግን አላመነችም። ደረጃ ሲወጡ ሱሪያቸውን ከጉልበት በላይ ጨብጠው፣ እግራቸውን ከጉድጓድ ውስጥ ባልዲ እንደሚስብ ሰው እየጎተቱ ሲያነሱት አይታለች።

"ዶክተሩ ምን ነበር ያለህ?" ትላቸዋለች።

"ብዙ ነገር ነው ያለኝ።"

"እግርህ ከሰነፈ በዚያው ሳምንት ና፣ ነርቭ እንደ አምፖል አይቀየርም፣ ከቆየ አይመለስም አላለህም?"

"አልሰነፈም። ደክሞት ነው።"

"ሁለት ወር ሙሉ?"

ጋሽ አምባው እዚህ ላይ ሲደርሱ ሬዲዮ ይከፍታሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጋሽ አምባው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ክር ፋብሪካ ውስጥ የጥጥ ጥቅል ሲያነሱና ሲጥሉ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ዲስካቸው ተንሸራተተ። ዘጠኝ ወር ወለል ላይ ተነጠፉ። አምና በታኅሣሥ ዶክተር ዘአማኑኤል የሚባል ወጣት ሐኪም ወገባቸውን ከፍቶ፣ የተያዘውን ነርቭ አላቆ፣ ሁለቱን የአከርካሪ አጥንቶች በአራት ብሎን አስሮ ዘጋቸው። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እየተገፉ ሲገቡ ጋሽ አምባው አልጋው ላይ እንደተኙ ተሳሉ፤ "አቦዬ፣ በእግሬ ካቆምከኝ ጃንጥላ አገባለሁ" ብለው።

አቦ አቆማቸው። መጋቢት አምስት፣ ሳሪስ አቦ የንግሥ ዕለት፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ይዘው ሄዱ። ቄሱ በማይክ ስለቱን ሲያሳውቁ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። ጋሽ አምባው ግን ደስታው ናጣቸውና ማይኩን ከቄሱ እጅ ተቀበሉ። "ምንም የለኝም!" አሉ። "ንቅንቅ አላልኩም ነበር፣ ዛሬ እንደ ልጅ ነው የምሮጠው!" አሉና፣ ለማስረጃ ያህል፣ ሮጡ። እውነት ሮጡ። ጃንጥላውን የያዘው ዲያቆን ራሱ መንገድ ለቀቀላቸው። አንዷ ጎረቤት ቀርጻ ኖሮ፣ ቪዲዮው እስከ ምሳ ሰዓት የኮንዶሚኒየሙ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቶ፣ ስለተቋረጠው ውሃ የሚካሄደውን ክርክር ለግማሽ ቀን ጸጥ አሰኘ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ሰው እንዴት ብሎ "እግሬ ደከመ" ይላል? እልልታውን መልሱልኝ ይባላል? የሰጠው አቦ ነው፣ የሠራው ዶክተር ዘአማኑኤል ነው። ከሁለቱ የትኛውን ሊያሳጡ ነው? ጋሽ አምባው ሌሊትም ቀንም አስበውበት፣ ከሦስቱ አንዱ ማፈር ካለበት እግራቸው ይፈር ብለው ወሰኑ።

በታኅሣሥ፣ በአንዱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሶሊያና የምትባል ነርስ ናት፤ ከሆስፒታሉ የመጣች። አራት ፎቅ ወጥታ ስለነበር መጀመሪያ ወገቧን ይዛ ተነፈሰች፣ ቀጥላ ሰላምታ ሰጠች፣ ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የጥናቱ ስም "በታችኛው የአከርካሪ ክፍል ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ታካሚዎች የአንድ ዓመት ውጤትና ተያያዥ ምክንያቶቹ" ይላል። አንብባ ስትጨርስ ፍቅርተማርያም ውሃ አቀረበችላት።

"በሦስተኛው ወር በስልክ አነጋግሬዎት ነበር ጋሼ፤ ያስታውሱኛል? ሁሉንም ዜሮ ነው ያሉኝ።"

"ዛሬም ያው ነኝ ልጄ።"

"ጎሽ። አንድ ነገር ግን አለ፤ ቤተሰብ አጠገብ ካለ መልሱ ይበላሻል ስለሚባል፣ እማማ ለትንሽ ጊዜ..."

ፍቅርተማርያም ወደ ኩሽና ገባች። ለጥናቱ ተብሎ የወጣው መመሪያ ግን የኩሽናው በር የቤቱን ቁልፍ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ገጥሞ እንደማያውቅ አላወቀም።

"ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ይሰጡኛል" አለች ሶሊያና። "ዜሮ ምንም የለም፣ አስር ከዚህ የባሰ ሊኖር አይችልም ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት የወገብና የእግር ህመምዎ ስንት ነበር?"

"ተመስገን።"

"ቁጥር ነው የምፈልገው ጋሼ።"

"ተመስገን ስንት ላይ ነው ያለው?"

ሶሊያና አልሳቀችም። እስካሁን ካነጋገረቻቸው ሠላሳ ሰባት ሰዎች ይህን ያልጠየቋት ጥቂት ናቸው።

"ዜሮ በይው" አሉ ጋሽ አምባው።

ኩሽና ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ።

"ሁለተኛ፣ ልብስ ለመልበስ፣ ለመታጠብ ይቸገራሉ?"

"በጭራሽ።"

አንድ ሌላ ክዳን።

"ከባድ ዕቃ ማንሳትስ?"

"ውሃ በጠፋ ጊዜ ጄሪካን ይዤ እስከዚህ እወጣለሁ እንጂ!"

አሁን የወደቀው ክዳን ብቻ አልነበረም፤ ድስቱም ተከትሎታል። ሶሊያና በሩን አየች፣ ጋሽ አምባውን አየች፣ ዜሮዋን ጻፈች። መራመድ፣ ዜሮ። መቀመጥ፣ ዜሮ። መቆም፣ ዜሮ። እንቅልፍ፣ "እንደ ሕፃን!" ዜሮ። ኩሽናው በእያንዳንዱ ላይ አስተያየቱን ሰጠ።

"ስምንተኛው..." ብላ ሶሊያና ወረቀቱን ወደ ፊቷ ቀረብ አደረገችው። "ስምንተኛው የትዳር ኑሮን የሚመለከት ነው።"

"ትዳራችን ሰላም ነው።"

"አይ፣ ማለቴ... ከወገብዎ አንጻር።"

ኩሽናው ጭጭ አለ። ማንኪያ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

"ዘጠነኛው ምን ይላል ልጄ?"

"ማኅበራዊ ኑሮ።"

"ወደ እሱ እንሂድ።"

"መመለስ ያልፈለገ የሚል ሳጥን አለ" አለች ሶሊያና፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት ስታደርግ ሁለቱም እኩል ተገላገሉ። ዘጠነኛውና አስረኛው ያለ ችግር ዜሮ ሆኑ።

ጋሽ አምባው ተነስተው ሊሸኟት ሲሉ ገጹን ገለበጠችው።

"አሁን ጫማዎን ያውልቁልኝ።"

"ጫማ ደግሞ ምን አደረገ?"

"እግርዎን ልይ ብዬ ነው። ይቺ አዲስ ገጽ ናት፤ ለስልክ አትሆንም ተብሎ ነው በአካል የመጣሁት።"

ክሩን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። የግራ እግራቸውን ጣቶች ወደ ላይ ያንሱ ስትላቸው እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። ቀኙን ስትላቸው አውራ ጣቱ ብቻ፣ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ መነሳት እንዳልፈለገ ሰው፣ ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ተወው።

"በተረከዝዎ ቆመው ሁለት እርምጃ ይራመዱልኝ እስቲ።"

ግድግዳውን ያዙ። ቀኝ እግራቸው ጠፍ ብሎ ሰሌኑ ላይ ተደፋ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ ግን ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ሰሙት። ፍቅርተማርያም ክዳን እንደያዘች የኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

"ንገራት እንግዲህ!"

"አንቺ ጥናቱ ውስጥ የለሽበትም" አሏት።

ሶሊያና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "መቼ ነው የጀመረዎት ጋሼ?"

ጋሽ አምባው ጫማቸውን ፈለጉ።

"ይሄ ነርቩ እንደገና ተይዟል ማለት ነው። ሰሞኑን ቢታይ ሊመለስ ይችላል። ሌላ አንድ ሁለት ወር ከቆየ ግን እግሩ እንዲሁ ይቀራል፤ ማንም ቃል አይገባልዎትም።"

ጋሽ አምባው ተቀመጡ። እግራቸውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያዩት።

"ዶክተር ዘአማኑኤልን ይቀጡታል?"

"ለምን?"

"እኔ አሞኛል ካልኩ።"

"ኧረ ጋሼ! የላከኝ ማን ሆነና? ታካሚዎቹ በስልክ ሁሉም ዜሮ ዜሮ እያሉ ሲያስቸግሩት ነው ይቺን ገጽ የጨመራት። 'ሰዎቻችን ሐኪም ማስቀየም አይወዱም፤ ሂጂና እግራቸውን እያቸው፣ እግር ይሉኝታ የለውም' ነው ያለኝ። ህመሙ ስንቱ ሰው ላይ እንደሚመለስ ካላወቀ ለሚቀጥለው ሰው ምን ብሎ ይመክራል?"

ጋሽ አምባው ይህን አላሰቡበትም ነበር። ትንሽ አሰቡበት።

"እሺ፣ እሱስ ይሁን። አቦስ?"

ከዚያ ጃንጥላውንም፣ ማይኩንም፣ ሩጫውንም ነገሯት። "በሕዝብ ፊት ምንም የለኝም ብያለሁ። አሁን ሆስፒታል ስመላለስ ቢያዩኝ ምን ይባላል? ስለቱ አልሠራም? ወይስ ሽማግሌው ዋሸ?"

ሶሊያና ሳቋን ለመደበቅ ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ቆየች። በኋላ ግን አንዱን ገጽ ወደ እሳቸው አዞረችው። ሦስት ዓምድ አለው። በመጀመሪያው ላይ ከቀዶ ጥገናው በፊት ተብሎ ዘጠኝ፣ አስር፣ አስር፣ ስምንት። በሁለተኛው ላይ ሦስተኛ ወር ተብሎ ከላይ እስከ ታች ዜሮ። በሦስተኛው ላይ ቀለሙ ያልደረቀ የዛሬው ዜሮ።

"ስለቱን መቼ አገቡ?"

"መጋቢት አምስት።"

"የደወልኩልዎት መጋቢት ሰባት ነው፤ ይኸው። ያን ጊዜ ዋሽተውኛል?"

"እኔ? ሮጫለሁ እኮ! ቪዲዮውን ላሳይሽ?"

"አምናለሁ። ታዲያ እሱ እዚህ ተጽፏል። ዛሬ ምንም ቢሉኝ የመጋቢቱን አልሰርዘውም። ልሰርዝ ብል ከሥራ የምባረረው እኔ ነኝ። የመጋቢቱ ለመጋቢት ነው፤ የዛሬው የራሱ ቦታ አለው።"

"አይነካካም?"

"አይነካካም።"

ጋሽ አምባው መነጽራቸውን አስመጥተው ገጹን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ያሉትን ዜሮዎች ያውቋቸዋል፤ የደስታ ዜሮዎች ናቸው። ጎናቸው የተደረደሩት የዛሬዎቹ በቅርጽ ምንም ልዩነት የላቸውም፤ ፎርጅድ መሆናቸውን ግን እሳቸው ያውቃሉ፣ ፍቅርተማርያምም ታውቃለች፣ አቦም ሳያውቅ አይቀርም።

"የዛሬውን ማስተካከል ይቻላል?"

"የዛሬውን ዛሬ ይቻላል። አንድ መስመር አሰምርበትና እፈርማለሁ።"

"እንግዲያው አንደኛውን ድገሚልኝ።"

"ህመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?"

"ወገቤ ሁለት ቢሆን ነው። እግሬ..." ቀኝ እግራቸውን አዩት። "ሰባት በይው። ስተኛ ደግሞ ስምንት ይደርሳል።"

ፍቅርተማርያም ለሁለት ወር የጠበቀችው ድል ነበር፤ ሲመጣላት ግን አልፎከረችም። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ስምንት?" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ጎን ተኝተህ፣ ስምንት?"

ጋሽ አምባው ወደ እሷ ሳይዞሩ ሶሊያናን፣ "ሦስተኛውንም አስተካክይ" አሏት። "ጄሪካኑን የምታወጣው እሷ ናት። እኔ አምስት ሊትሯንም አላነሳም።"

"ማን እንደሚያወጣው ቅጹ አይጠይቅም።"

"ቢሆንም ጻፊው።"

ሶሊያና ዳር ላይ ባለው ክፍት ቦታ በትንንሽ ፊደል ጻፈችው። ከዚያ በረንዳ ወጥታ ደወለች። የዶክተሩ ድምፅ እስከ ሳሎን ይሰማል፤ አልተቆጣም፣ አልደነገጠም። "ጎበዝ፣ ዛሬ ከሰዓት ይምጡ። ኤም አር አይ አስነስቼ እኔው አያቸዋለሁ" ነው ያለው።

ደረጃውን በፍቅርተማርያም ትከሻ ተደግፈው፣ በየፎቁ እያረፉ ወረዱ። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ሀይረዲን ሦስቱን አንድ ላይ ሲያይ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ።

"ጋሽ አምባው፣ ወዴት ነው በዚህ ፀሐይ?"

"ሐኪም ቤት።"

"ማንን ልትጠይቁ?"

ፍቅርተማርያም አፏን ልትከፍት ስትል ቀደሟት። "እኔው ነኝ የታመምኩት። እግሬ ደክሟል። በመጋቢት ደህና ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ ይሄ መጣ። እንደገና ሊያዩኝ ነው።"

ሀይረዲን እንደጠበቁት አልተገረመም። "የሰው አካል አይደል?" አለ። "አላህ ያሽርዎት።" ባዶ የለስላሳ ሳጥን አምጥቶ ገልብጦ፣ ላዩ ላይ ካርቶን አነጠፈበት። "መኪናው እስኪመጣ ይቀመጡ፤ ቆመው አይጠብቁ።"

ሶሊያና የጠራችው መኪና ገና ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ነበር። ጋሽ አምባው ብሎኩ መግቢያ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ፣ ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ጠየቃቸው። ለመጀመሪያው ሰው በአጭሩ ነገሩት። ለሁለተኛው ረዘም አደረጉት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ በጥቅምት እንዴት እንደጀመራቸው፣ የትኛው ጣት እንደማይነሳ እያሳዩ ያስረዱ ስለነበር፣ መኪናው መጥቶ ጡሩምባ ሲነፋ "አንድ ጊዜ" ብለው በእጃቸው አስቆሙት።