ዝጋ አልከኝ፣ ዘጋሁ

«አሁንም እምቢ አለህ?» አሉ አማቱ ከጥግ ሆነው። ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን የሚባል ነገር አልነበረም።

አስተማሪው ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን ቀይ ጽሑፍ አጠፋና ማስነሻውን እንደገና ተጫነ። ማሽኑ አንድ ጋት እንኳ ሳይንቀሳቀስ ያው ማስጠንቀቂያ ተመልሶ መጣ፦ ጫፍ ደርሻለሁ። ውሸቱን ነው። የመቅረጫው ራስ የጠረጴዛው መሃል ላይ ተገትሯል፤ በየትኛውም በኩል ጫፍ ለመድረስ ገና አንድ ክንድ ያህል ይቀረዋል።

በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ነው። አስተማሪው ከትምህርት ቤት መልስ እረፍቱን እየሰዋ ራሱ ገጣጥሞታል። መቅረጹንስ ጥሩ ይቀርጻል፤ ችግሩ ማቆም አያውቅም። ባለፈው ሳምንት የመቅረጫው ራስ ጫፉን አልፎ ሄዶ ብረቱን ሲደበድብ መቁረጫው ተሰበረና ስባሪው አጠገቡ የቆመችውን ሚስቱን ከዓይኗ ሥር ሸረከታት። ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ ዓይኗ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጉንጯ ላይ ፕላስተር እንደለጠፈች ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ቁርጡን ነገረችው። ስትመለስ ወይ በራሱ የሚቆም ማሽን ታገኛለች፣ ወይ ማሽኑ ዛሬውኑ ከቤት ይወጣል። የሽቦ ብየዳውን ደግሞ አባቷ ይሥሩት፤ የእሱ ብየዳ ሳያድር ይላቀቃል።

አባቷ ጥግ የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላቸዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮ ስለጠገኑ፣ ደግሞም አንዴ ከተከፈቱ የሚዘጋቸው ስለሌለ። ቤቱ የእሳቸው ነው። ይህም ክፍል መጠገኛቸው ነበር፤ ማሽኑ ሲገባ ጠረጴዛቸው ወደ ጥግ ተገፋ። ያንን ይቅር አላሉም፤ ይቅር ለማለትም አልሞከሩም።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ሊሚት ስዊች የሚባሉ፣ አውራ ጣት የማያክሉ ማብሪያዎች በየጫፉ ይታሰራሉ፤ የመቅረጫው ራስ ሄዶ ሲነካቸው ማሽኑ ይቆማል። ሽቦው ከማብሪያው ሁለት እግሮች በአንዱ ይበየዳል፤ አንዱ እግር ማብሪያው እስኪነካ ድረስ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ሌላው ሲነካ ብቻ። አስተማሪው ማብሪያዎቹን አሰረ፣ አማቱ ሽቦዎቹን በየዱ። ሲሠሩ ውለው ያወሩት ነገር ቢኖር አስተማሪው ጀርባውን እንደሰጠ የወረወረው አንድ ትእዛዝ ነው፦ «ሁሉንም ዝግ አድርገው ይበይዷቸው።»

«ምን አድርገውት ነው?» አለ አሁን ዞር ብሎ።

«እኔ? ማሽኑ ያንተ፣ ኮምፒውተሩ ያንተ፣ ጥፋቱ የእኔ?»

«ሽቦውን የበየዱት እርስዎ ነዎት።»

«በይጃለሁ! ጎትተህ እየው። ከተላቀቀ ስሜን ቀይሩት።»

ጎተተው። አልተላቀቀም፤ ይህም ይበልጥ አናደደው። የኤሌክትሪክ መለኪያውን አምጥቶ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ሁሉም ከማይፈልገው እግር ጋር ተበይደዋል።

«ሆን ብለው ነው!» አለ። «አንዱ ብቻ ቢሆን ስህተት ነው እል ነበር። ሁሉም? ማሽኑ እንዲወጣልዎት ነው!»

«እንዲወጣማ እፈልጋለሁ። ፊት ለፊት ስነግርህ የከረምኩትን ነገር ሽቦ ውስጥ ምን ያስደብቀኛል? ዝጋ አልከኝ፣ ዘጋሁ።»

«ይሄ ነው ዝግ?»

አማቱ እጃቸውን ዘርግተው ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የአሮጌ ሬዲዮ ማዞሪያ አዞሩት። ዜና አንባቢው ክፍሉን ሞላው። «ይሄ ክፍት ነው» አሉ ጮክ ብለው። መልሰው አዞሩት፤ ጸጥ አለ። «ይሄ ደግሞ ዝግ ነው። ኤሌክትሪክ የማያልፍበትን እግር ፈልጌ በየድኩልህ። ሌላ ምን ዝግ አለ?»

አስተማሪው በተማረበት መጽሐፍ ዝግ ማለት የኤሌክትሪኩ መንገድ ተገጣጥሟል፣ እያለፈ ነው ማለት ነው፤ ክፍት ደግሞ ተቋርጧል። ለአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ የመጽሐፍ ቋንቋ አውርቶ ሄደ። ጥፋቱ ገብቶታል፤ ግን ለእኚህ ሰውዬ ከሚያምን ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል።

«የተማረ ሰው እንደዚያ አይልም» አለ።

«ተምረህ ነው እንዴ የልጄን ፊት የሸረከትከው?»

አማቱ መበየጃቸውን ነቅለው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ቁልፉን ኪሳቸው እየጨመሩ «ይኸው፣ ይሄም ዝግ ነው» አሉ።

ለአስተማሪው አንድ መንገድ ቀርቶት ነበር፤ እሱም ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ምልክት ገለበጠ፤ ማሽኑ የሽቦውን ዝምታ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አለማለፉን፣ እንደ ደህንነት እንዲቆጥረው። አስነሳው፣ ሄደ። ማብሪያውን በጣቱ ሲነካው ቆመ። እንዲህ ሲታሰር ግን ሽቦው ቢበጠስም ዝምታው ያው ዝምታ ነው፤ ማሽኑ ምንም ሳይሰማ ጫፉን አልፎ ይሄዳል። እሱ በፈለገው መንገድ ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪኩ ስለሚቋረጥ መበጠሱ ራሱ ያቆመው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ የሚውል ሽቦ ደግሞ አንድ ቀን መበጠሱ አይቀርም። ያን ዕለት ብየዳው የማን ነው? የአማቱ። ሐሳቡ ደስ አሰኘው። ደስ ማሰኘቱ ትንሽ አሳፈረው፤ ትንሽ ብቻ።

ሚስቱ አመሻሹ ላይ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ገባች። «ተሠራ?»

«እኔ በይጃለሁ» አሉ አባቷ። «የቀረውን እሱን ጠይቂው።»

አስተማሪው ማሽኑን አስነሳ። የመቅረጫው ራስ ሄደ፣ ማብሪያውን ነካ፣ ቀጥ አለ። ስትስቅ ፕላስተሩ ጉንጯ ላይ ተጨማደደ።

«አባዬ፣ እጅህ ይባረክ!» አለች። ባለፈው ሳምንት የቆመችበት ቦታ ሄዳ ፊቷን ወደ መቁረጫው አስጠጋች። «እስቲ ድገመው፣ ከዚህ ልየው።»

የአስተማሪው ጣት ማስነሻው ላይ ነበር። ሳይጫን ጣቱን አነሳ። ከአማቱ ጠረጴዛ ላይ ሳያስፈቅድ ፒንሳ ወሰደና የማብሪያውን ሽቦ ቆረጠው።

«ብየዳዬን!» ጮኹ አማቱ።

መቁረጫውን ፈትቶ አወጣና «ወደ ኋላ በይ» አላት። አስነሳው። የመቅረጫው ራስ ሄደ፣ የደነቆረውን ማብሪያ ጨፍልቆ አለፈና አስተማሪው መሰኪያውን እስኪነቅለው ድረስ ብረቱን ደበደበ።

«አልተሠራም» አለ።

ሚስቱ የተንጠለጠለውን ሽቦ አየች፣ ከዚያ ባሏን። «ታዲያ አባዬ አሁኑኑ ይበይደው። ገና አልመሸም።»

አማቱ እጃቸውን ቁልፉ ያለበት ኪስ ውስጥ ከተው ቆሙ። ጠበቁ። ከአስተማሪው የሚጠብቁት አንዲት ቃል ነበር፣ እሷም እባክዎ ናት። ሬዲዮ እንዲህ ዝም ብሎ ማንም አይቶ አያውቅም።

አስተማሪው ጎንበስ ብሎ የማሽኑን አንድ ጫፍ ጨበጠ።

«በዚያ በኩል ይያዙት» አላቸው፤ «ማሽኑ ይውጣና ጠረጴዛዎ ወደ ቦታው ይመለስ።»