ከመግቢያው በር በላይ ያለው ኤሲ

ሞሪን ዱገን ልጇን ኪራን ትምህርት ቤት ለማድረስ በወጣች ቁጥር ቀና ብላ ታያለች። ከሕንፃው መግቢያ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የጎረቤቷ የሚስተር ቫርጋ የመስኮት ኤሲ፣ ያ የቤት ማቀዝቀዣ፣ ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አስግጎ ተቀምጧል። የያዘው ከሥሩ የተሸጎጠ ጣውላና ከላይ የተጫነው የመስኮት መዝጊያ ብቻ ነው። እዚህ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ እንዲህ የሚያደርገው ብዙ ነው። ሞሪን ግን በሐሳቧ ስንቴ እንደወደቀ ቆጥራ አትዘልቀውም። ሁልጊዜም የሚወድቀው ኪራ ላይ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች።

«ሚስተር ቫርጋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያ ኤሲዎ ያስፈራኛል።»

«አንቺን የማያስፈራሽ ምን አለ?» ሳቁ ሽማግሌው። «ባለፈው ሊፍቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ጋዙ። ይኼ አሥራ ስምንት ዓመት ተሰቅሎ ርግብ እንኳ አልገደለም።»

«አንድ ቀን ይበቃዋል እኮ።»

«ልጄ፣ አንቺ ሰማዩም ድጋፍ ይግባለት ሳትዪ አትቀሪም!»

አላስቻላትም፤ ለነዋሪዎች ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፈች። ኮሚቴውም ባለሙያ የብረት መደገፊያ እስኪገጥምለት ድረስ ኤሲው ይነሣ ብሎ አዘዘ። ሁለት ሠራተኞች መጥተው አወረዱና ሳሎኑ ወለል ላይ አስቀመጡት። ባለሙያው ወረፋ በዝቶበት ስለነበር ከሦስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ ብሎ ቀጠራቸው። ሞሪን ያን ሰሞን እፎይ ብላ ተኛች።

ከዚያ የሚያፍን ሙቀት መጣ። በሦስተኛው ቀን በጎድጓዳ ሳህን በረዶ ይዛ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ሚስተር ቫርጋ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ከፈቱላት።

«እኔ ቤት ይምጡ፣ ሚስተር ቫርጋ። የኔው ኤሲ መደገፊያ ስላለው ይሠራል፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው።»

«የኔን አስነቅለሽ የራስሽን ልታውሺኝ?» ቀልዳቸው እንደ ወትሮው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ደከም ብሏል። «ሂጂ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች። በረዶውን ተይልኝ።»

ልለምናቸው ወይስ ልተዋቸው እያለች ደጃፉ ላይ ቆመች። ሌላው አደጋ ሁሉ አስቀድሞ የሚታያት ሴት ይኼኛው አልታያትም። ሳህኑን ሰጥታቸው ወረደች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ብታንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። የሕንፃው ተቆጣጣሪ በሩን ሲከፍት ሚስተር ቫርጋ በተከፈተው መስኮት ሥር፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በሙቀቱ አርፈው ተገኙ።

ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ኢሎና የቤቱን ዕቃ ለማንሣት ከኦሃዮ ግዛት መጣች። ሞሪን ልታግዛት ወጣች፤ ሥራው ግን አልያዝ አላት።

«ኤሲው ይነሣ ብዬ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ኢሎና የአባቷን ሸሚዝ ማጠፏን አላቋረጠችም። «አውቃለሁ። በስልክ ነግሮኛል።»

«ምን አሉሽ?»

«እባክሽ፣ አሁን እሱን አትጠይቂኝ።» ሸሚዙን ካርቶን ውስጥ ከታ ወደ ኤሲው ጎንበስ አለች። «ይኼን ብቻዬን አልችለውም። በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ሞሪን ያዘች። ልክ እንደፈራችው ከባድ ነበር፤ ሰው ላይ ቢወድቅ ይገድላል። አልተሳሳተችም። ይኼ ግን አሁን ለማን ይነገራል? አንገቷን ደፍታ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ከኢሎና ጋር ተሸክመውት ወጡ።