ላሞቹ ያሉበት ግድግዳ

አባቴ አርባ ዓመት የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ ኖሯል። ሰሞኑን ግን ፊደሎቹ ወደ ታች ማዘንበል ጀመሩ። ለጉዞ ስንነሳ እናቴ በመኪናው መስኮት አንገቷን አስገብታ፣ «ዓይኑን እይልኝ። ካላየ የሚሠራበት መሰላል ይሸጣል» ብላ ሹክ አለችኝ። አባቴ መሰላሉ ከሚሸጥ እኔ ብሸጥ ይመርጣል።

የጥንት ሥዕል ያለበትን ዋሻ ሳይሞት ማየት ይፈልጋል። ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ በአንድ ትንፋሽ ነዳሁት። ሙቀቱ አስፋልቱን ውሃ አስመስሎታል፤ በህልሜ የምነዳ ይመስለኝ ነበር። አባቴ በየመንደሩ ያለውን ታፔላ ሁሉ ይተቻል።

«የዳቦ ቤቱን ታፔላ አየሽው? ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ ገደለው!»

እሰይ፣ ያያል ማለት ነው አልኩ። ልቤ ረጋ።

የዋሻው ጠባቂ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» ብሎ አስገባንና ወደ ጥላው ተመለሰ። አባቴ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ክንዴን ይዟል። ውስጡ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። በግራው ግድግዳ ላይ ቀይና ነጭ ላሞች ተሰልፈዋል። ትኩር ብዬ ሳያቸው ቀስ ብለው የሚራመዱ መሰለኝ።

«አቤት እጅ!» አለ አባቴ። «መስመሩን አየሽልኝ?»

ዘወር አልኩ። እሱ ቀኙን ግድግዳ ነው የሚያየው። እዚያ ባዶ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው።

ለካ የመጣንበት መንገድ የድሮ የሥራ መንገዱ ነው፤ ታፔላዎቹን በቃሉ ነው የተቻቸው። መጀመሪያ ተናደድኩበት፣ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው። አጠገቡ ቆሜ አንገቴን ወደ ኋላ ጠመዘዝኩና፣

«የፊተኛዋ ቀንዷ ረጅም ነው» አልኩት። «ጥጃዋ ከሆዷ ሥር ገብታለች።»

«እግሯስ? ብሩሹ ስንቴ ተነስቷል?»

«አንዴም አልተነሳም። በአንድ ምት ነው የወረደው።»

«ጎበዝ!» አለው ሠዓሊውን፣ አብሮት እንደሚሠራ ሰው።

ሌሎቹንም ነገርኩት። ቆይቶ ክንዴን ጠበቅ አደረገ።

«ልጄ፣ ድምፅሽ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። በይ አዙሪኝ።»

አዞርኩት። እንባዬን እንደማያይ ሳውቅ ይበልጥ አለቀስኩ።

«የመሰላሉን ነገር ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ» አለ። «ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። አሁን ከፊተኛዋ ላም ጀምሪልኝ፣ ሳትቸኩይ።»

ከፊተኛዋ ጀመርኩ። አልቸኮልኩም።